የማይል ስብከትና የመጀመሪያው ካርድ

በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖረው ሕዝባችን ዘንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጠበል ጠዲቅ ሲቀመስ ወይም በክርስትናና በሠርግ ቤት ጨዋታው ሲደራ፣ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ጥቂት ዓመት የሆነውና ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን አይቶ ለመመለስ ያሰበ አንድ ወጣት «ለመንገዱ የትኛውን ክሬዲት ካርድ ላውጣ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ከግራም ከቀኝም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ እርሱም «ማይል የሚሰጠውን አውጣ፤ በቦነሱ ብቻ አዲስ አበባ ደርሰህ ትመለሳለህ» የሚል ነው። ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬ እንደ ቀኖና ጸንቷል፤ የሚጠራጠር ሰው ቢገኝም የአሜሪካን ኑሮ ገና ያልለመደ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ለጀማሪ መንገደኛ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ይህን ያህል ጎጂ የለም ብዬ እከራከራለሁ፤ የመጀመሪያ ካርድ መመረጥ ያለበት ከባለቤቱ የሚወስደው ገንዘብ በማነሱ ነው፤ የሚሰጠውን ስጦታ መቁጠር የኋላ ነገር፣ ያውም ለጥቂቶች ብቻ የሚገባ ነገር ነው።

ተቃዋሚዎቼን እንዳልበድል ነገራቸውን በሚበረታበት በኩል ላስቀድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በታኅሣሥ ወር ስታር አሊያንስ ወደሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ከገባ ወዲህ፣ የዚሁ ኅብረት አባል በሆነው በዩናይትድ አየር መንገድ ስም በሚወጣ ካርድ የተጠራቀመ ማይል በራሳችን አውሮፕላን ላይ ወንበር ሊያስገኝ ይችላል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ ወደ አገር ቤት በሚጎርፍበት በክረምት ወራት፣ የቲኬቱ ዋጋ በአራት ነፍስ ሲባዛ የአባወራን ወገብ የሚያጎብጥ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሃምሳና ስድሳ ሺህ ማይል ባንድ ጊዜ የሚሰጥ ካርድ ከሰማይ የወረደ መና ቢመስል አይፈረድም። በዚህ መንገድ በእውነት ሄደው የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን የተሳካለት ሰው በየአዳራሹ ሲያወራ፣ በዚያው ዓይነት ካርድ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀው ጎረቤቱ ዝም ይላል፤ ዕዳ በእኛ ዘንድ ነውር ስለ ሆነ ማንም ተነሥቶ «እኔን ኢንተረስቱ ጨረሰኝ» ብሎ አይመሰክርምና ጉባኤው የሚሰማው የአንድ ወገን ምስክርነት ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ምክሩ ለተመከረው ሰው አይሠራም። ባንኮች ተበዳሪን የሚመዝኑበት፣ ከ300 እስከ 850 የሚቆጠረው የፋይኮ ክሬዲት ስኮር ይወጣ ዘንድ ቢያንስ አንድ ሒሳብ ከተከፈተ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል፤ እንዲህ ያለ የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ትልቅ ቦነስ ያለበትን ካርድ ሲጠይቅ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ይከለክለዋል፤ የመጠየቁም ምልክት በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። በአንዱ ሲከለከል መካሪው «ሌላውን ሞክር» ይለዋል፤ እርሱም ሌላውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ይሞክራል፤ በዚህ ዓይነት ገና አንድ ዶላር ሳይበደር ብድር የተራበ ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ቢፈቀድለትስ? የቦነሱ ውል በትልቁ ፊደል ከተጻፈው ቀጥሎ በትንሹ የሚነበብ ሁለተኛ ቃል አለው፤ ይኸውም ስጦታው ካርዱ በተከፈተ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሺህ ዶላር ላወጣ ሰው ብቻ መሆኑን የሚናገረው ነው። አሁን በፓርኪንግ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚተዳደር፣ ከወር ገቢው ግማሽ ያህሉን ለቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እናስብ። ኪራዩን በካርድ ልክፈል ቢል አከራዩ አይቀበለውም፣ ቢቀበለውም ለካርዱ የሚጨመር ክፍያ አለበት፤ የመኪናውን ብድር በክሬዲት ካርድ መክፈል በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ ለእናቱ የሚልከውን ገንዘብ በዚሁ ካርድ ቢልክ ባንኩ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ሊያስብበት ይችላል። እንግዲህ የሚቀረው አስቤዛ፣ ቤንዚንና ስልክ ነው፤ እነዚህም በሦስት ወር አራት ሺህ አይሞሉም። ስለዚህ ቀኑ ሲቃረብ ሰውየው ለዘመድ የሚወሰደውን ስጦታ ከሚገባው አብልጦ ይገዛል፣ ደኅና የነበረውን ሻንጣ ይለውጣል፣ ጨርሶ ያላሰበውን ቴሌቪዥን ያስጭናል፤ ይህንንም ሁሉ የሚያደርገው ዕቃውን ፈልጎት ሳይሆን ቁጥሩን ለመሙላት ነው።

ሒሳቡን እንየው። የካርድ ወለድ በቅርብ ዓመታት በአማካይ ከመቶ 20 በላይ ዘልቋልና፣ ከመቶ 22 ብለን ብናስበው፣ ሳይከፈል ዓመት የተቀመጠ አራት ሺህ ዶላር ወደ 880 ዶላር ወለድ ይወልዳል፤ ሃምሳ ሺህ ማይል ግን፣ እያንዳንዱ በአንድ ሳንቲም ሲታሰብ፣ 500 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ 95 ዶላር የሆነው የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ይደመራል፤ «ነፃ» በሚባለው ቲኬትም ላይ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ ከኪስ ይወጣል። «ዕዳውን በየወሩ ጨርሶ የሚከፍልን ሰው ወለድ አይነካውም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ መልሱም እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያ ካርዱን ያወጣ ሰው በየወሩ ጨርሶ የመክፈልን ልማድ ገና ራሱ ላይ አልፈተነውም፤ ባልተፈተነ ልማድ ላይ የአራት ሺህ ዶላር ወጪ መጫን ጾም ያልለመደን ሕፃን በአክፍሎት እንደ ማስጀመር ነው። አራጣን የሚያወግዝ ስብከት ሰምተን በወጣንበት ደጅ፣ ከመቶ 22 የሚወልደውን ካርድ እርስ በርሳችን መመራረቃችንም ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ አይከፋም። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በመስከረም 1958 በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ፣ ለስድሳ ሺህ ያህል ሰዎች ማንም ሳይጠይቀው ካርድ በፖስታ ሲልክ (ኋላ በ1976 ቪዛ ተብሎ የተሰየመው ያ ካርድ ነው) ያሰበው ሰዎቹ ዕቃ ገዝተው ዕዳውን ቀስ እያሉ ከነወለዱ እንዲከፍሉ ነበር፤ ማይል የሚባለው ነገር በዚያ ዘመን አልተወለደም። አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል መርሐ ግብሩን የጀመረው በ1981 ነው፤ ከሲቲባንክ ጋር ተስማምቶ ማይልን ከክሬዲት ካርድ ጋር ያጋባው ደግሞ በ1987 ነው። እንግዲህ ማይል በብድሩ ላይ ኋላ የተጨመረ ማባበያ ነው፤ ማባበያው የሚበጀውም ለማይባበል ሰው ብቻ መሆኑ ከነገሩ ጠማማነት ይቆጠራል።

መንገደኛው ከባንኩ ወረቀት ሁሉ ሊያነበው የሚገባው አንድ ሠንጠረዥ ነው። በ1988 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ ባንክ ሰውን ለካርድ ሲጋብዝ ወለዱንና ዋና ዋናዎቹን ክፍያዎች በሠንጠረዥ እንዲያሰፍር አስገድዷል፤ የግዢው ወለድ ከሌላው ጎልቶ ይታተማል፤ ዝቅ ብሎም ስለ ክፍያ በሚናገረው ክፍል «ፎሪን ትራንዛክሽን»፣ ማለት የውጭ አገር ክፍያ፣ የሚል መስመር ይገኛል። በመስመሩ ትይዩ ብዙ ጊዜ ከመቶ 3 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ አንዱ እጅ ካርዱን ለሚያዛውረው ድርጅት፣ ሁለቱ ለባንኩ እንደ ሆነ ነው የሚታሰበው። በውጭ አገር ሁለት ሺህ ዶላር ያወጣ ሰው በዚህች መስመር ብቻ 60 ዶላር ያጣል፤ ይህም ክፍያ ድንበር እስኪሻገር አይጠብቀውም፤ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በውጭ አገር ለሚገኝ ሆቴል አስቀድሞ ቢከፍል ያው ሊታሰብበት ይችላል።

«ብዙዎቹ የማይል ካርዶች ይህን ክፍያ አንሥተውታል እኮ» ይሉኛል። አንሥተውታል፤ በእርሱ ፈንታ ግን ዓመታዊውን ክፍያ ተክለዋል። በጉዞው 1500 ዶላር የሚያወጣ ሰው 45 ዶላር ለማዳን 95 ዶላር ሲከፍል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ያንኑ 95 ሲደግም ትርፉ ምን እንደ ሆነ የነገረኝ ሰው የለም፤ ከሁለቱም ክፍያ ነፃ የሆነ ካርድ በገበያው ላይ እያለ!

ታሪክ የሌለው ጀማሪ ሊያወጣው የሚገባው ካርድ እንግዲህ ማንም በአዳራሹ የማይመካበት ነው፤ ዓመታዊ ክፍያም የውጭ አገር ክፍያም የሌለበት፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሆነ፣ ካስፈለገም መያዣ የሚጠየቅበት። ሴኩርድ የሚባለው ይህ ካርድ ብዙ ጊዜ ሁለት መቶ ዶላር ያህል በባንኩ ዘንድ አስይዘው ያንኑ ያህል የሚበደሩበት ነው፤ ወገኖቻችንም ሲሰሙት «የገዛ ገንዘቤን አስይዤ የገዛ ገንዘቤን ልበደር?» እያሉ ይስቁበታል። በእውነትም የሚያስቅ ነገር አለበት። ነገር ግን ከፋይኮ ነጥብ ከመቶ 35 ያህሉን የሚይዘው የአከፋፈል ታሪክ ነው፤ መዝጋቢውም ዕዳው በቀኑ መከፈሉን እንጂ በመያዣ ይሁን በእምነት መሰጠቱን እምብዛም አይመረምርም። ስም መጥቀስ ካስፈለገ፣ ካፒታል ዋን በአሜሪካ በሚያወጣቸው ካርዶች፣ መያዣ የሚጠየቅበትንም ጨምሮ፣ የውጭ አገር ክፍያ አያስከፍልም፤ ዲስከቨርም እንዲሁ አያስከፍልም፤ ሆኖም ዲስከቨርን ከአሜሪካ ውጭ የሚቀበለው ነጋዴ ቪዛና ማስተርካርድን ከሚቀበለው ጋር የሚወዳደር አይደለምና ብቻውን ለመንገድ አይበቃም። ሁለት መቶ ዶላር ሆቴሉ ለመያዣ የሚያግደውን እንኳ አይሸፍንም የሚል ክርክር ከተነሣ፣ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ጉዞው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቀረው መጀመርና የሚያስይዙትን ከፍ ማድረግ ነው። በተቆረጠ ቲኬት ዋዜማ ካርድ የሚፈልግ ሰው ምንም ዓይነት ምክር አይደርስለትም።

መካሪዎቻችን ስለ ምርጫው ይህን ያህል ሲጨነቁ፣ በአጠቃቀም ስለሚጠፋው ገንዘብ አንድ ቃል አይናገሩም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በፍራንክፈርት አንድ ሌሊት አደረ እንበል፤ በነጋታው ሒሳቡን ሲዘጋ የሆቴሉ ሠራተኛ የካርዱን ማሽን ወደ እርሱ ያዞርለታል። በመስታወቱ ላይ ሁለት ቁጥር ይታያል፤ አንዱ 120 ዩሮ፣ ሌላው ያው ሒሳብ በዶላር የተተመነ፤ በዶላሩም ሥር በደቃቅ ፊደል የምንዛሪው ተመን ተጽፏል። ሠራተኛው በትሕትና «በዶላር ይሁንልዎ?» ይላል። እንግዳውም በባዕድ አገር የሚያውቀውን ገንዘብ በማየቱ ደስ ብሎት ዶላሩን ይነካል፤ በዚያች ቅጽበት ተመኑን የመወሰን ሥልጣን ከቪዛ ወይም ከማስተርካርድ እጅ ወጥቶ ወደ ነጋዴውና ወደ ማሽኑ ባለቤት ይተላለፋል፤ እነርሱም በተመኑ ላይ ከመቶ ሦስትም አምስትም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምሩበታል። ካርዱ የውጭ አገር ክፍያ የሌለበት መሆኑ ከዚህ አያድነውም፤ ክፍያው ያለበት ካርድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ሊደራረቡበት ይችላሉ። ዩሮውን መንካት ምንም አያስከፍልም፤ ይህን የሚያውቅና ተራ ካርድ የያዘ ሰው ግን ይህን ከማያውቀው የማይል ባለጸጋ የበለጠ ገንዘብ ይዞ አገሩ ይገባል።

ቦሌ ሲደርስም ሌላ ወጥመድ አለ። ብር የቸገረው መንገደኛ ወደ ኤቲኤም ሄዶ ያንኑ ክሬዲት ካርድ ሲያስገባ ማሽኑ ብሩን ይሰጠዋል፤ ባንኩ ግን ይህን ግዢ አይለውም፣ የጥሬ ገንዘብ ብድር ይለዋል እንጂ። ለግዢ ስቴትመንቱ ከተላከ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ለዚህ የለም፤ ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል፣ ከመቶ 5 ያህል የሚደርስ የአገልግሎት ክፍያም ይጨመራል። ለጥሬ ገንዘብ ዴቢት ካርድ አለ። በተቃራኒው ደግሞ «ክሬዲት ምን ያደርጋል፣ ዴቢቴ ይበቃኛል» የሚለው ሰው፣ ካርዱ ቢሰረቅ ሕጉ ሁለቱን እኩል እንደማያይ ይወቅ። በ1970 የወጣው ሕግ፣ ሳይጠየቁ በፖስታ ካርድ መላክን የከለከለው ያው ሕግ፣ በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ የባለቤቱን ኀላፊነት ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ወስኗል፤ በዴቢት ግን መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላስታወቀ እስከ 500 ዶላር፣ ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወጣውም ከዚያ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ሆቴልና የመኪና አከራይ በመያዣ የሚያግዱትም በዴቢት ሲሆን የሚታሰረው የገዛ ገንዘቡ ነው።

አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ስለ ካርድ ብዙ መናገር አያሻም። ትልልቅ ሆቴሎች፣ የአየር መንገዱ ቢሮና አንዳንድ ሱፐርማርኬት ይቀበላሉ፤ በመርካቶና በሽሮ ሜዳ ግን ወይ ጥሬ ብር ነው ወይ ከግንቦት 2021 ወዲህ በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር። እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ፣ ብሩ በገበያ ተመን እንዲመነዘር ከመፈቀዱ በፊት፣ በካርድ የሚከፍል ሰው የሚታሰብበት የባንክ ተመን ከጥቁር ገበያው እጅግ የራቀ ስለ ነበረ ካርዱን ከቦርሳው የሚያወጣ መንገደኛ እምብዛም አልነበረም። በጉዞ ላይ እጥፍ ማይል እንሰጣለን የሚለው ማስታወቂያ እንግዲህ ለእኛ መንገደኛ የሚናገረው ከሞላ ጎደል ስለ ቲኬቱና ስለ መሸጋገሪያው ሆቴል ብቻ ነው።

የማይሉንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በአሜሪካ በካርድ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ላይ ከመቶ ሁለት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተቀንሶ ወደ ባንኮችና ወደ ካርድ ድርጅቶች ይሄዳል፤ ስጦታው የሚወጣው ከዚህና ዕዳቸውን ካልጨረሱ ሰዎች ወለድ ነው። በሐበሻ ሱቅ እንጀራና በርበሬ የሚሸጠው ወንድማችን ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንሸጥም» ብሎ የሚለጥፈው ወረቀት (የ2010 ሕግ ለክሬዲት ካርድ እስከዚያ ድረስ ፈቅዶለታል) በየሽያጩ የሚወሰድበትን ለመቀነስ ነው፤ እርሱም መኖር አለበትና ያንኑ በበርበሬው ዋጋ ላይ ያሳርፈዋል፣ በጥሬ ገንዘብ የምትገዛውም አሮጊት አብራ ትከፍላለች። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በዚያው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚከፍል፣ በካርድ የሚገዛው ደግሞ 1133 ዶላር እንደሚቀበል ገምተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባንኮች በክሬዲት ካርድ ከነጋዴው የሚወስዱትን ከመቶ 0.3 እንዳያልፍ ስለ ወሰነ፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም ያሉ ዘመዶቻችን ይህን የመሰለ የማይል ግብር ሲበላ አያዩም፤ ከእኛ በላይ ጨዋዎች ሆነው ሳይሆን ገንዘቡ የሚወጣበት ቧንቧ ስለ ጠበበባቸው ነው።

ማይል ለማንም አይገባም ግን አላልኩም። ያቺን ተራ ካርድ ዓመት ሁለት ዓመት ይዞ አንድም ቀን ወለድ ሳይከፍል የቆየ፣ የሦስት ወር የወትሮ ወጪው ምንም ሳይጨምርበት የቦነሱን ቁጥር የሚሞላ ሰው ሁለተኛ ካርድ ያውጣ፤ የመጀመሪያዋንም አይዝጋት፣ የምታስከፍለው የለምና፤ ዕድሜዋ ግን ለስኮሩ ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለው ሰው ማይሉን ሲሰበስብ እኔ አልከራከረውም፤ በማይል የሚሰጠው ወንበር በየበረራው የተወሰነ ስለ ሆነ ግን፣ ለክረምቱ የሚሆነውን ብዙ ወራት አስቀድሞ ካልያዘ፣ ስድሳ ሺህ ማይሉን በኪሱ አድርጎ ቲኬቱን እንደ ማንኛችንም በገንዘቡ ይገዛል።